ወተት፣ ታብሌት ወይስ ሞግዚት? ከኮምቦልቻ ለጠየቀች እናት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። እናቲቱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ልጇ ዓመት ከአሥር ወር ሆኖታል። ከዘጠኝ ወሩ ጀምሮ ሐይቅ አካባቢ ገጠር ከአያቱ ጋር ነው የሚያድገው። እሷ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ እየሄደች ታየዋለች። ልጁ «እማ» እና «እምቢ» ከማለት ሌላ አይናገርም። ጤና ጣቢያ ሲለካ «ለዕድሜው አጥሯል» ተባለ። የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ «የልጅ አእምሮ በሦስት ዓመቱ ያልቃል» ብላ አስደነገጠቻት። ትንሽ ገንዘብ አጠራቅማለች። «የዱቄት ወተት ልግዛለት? ትምህርታዊ ቪዲዮ የሚያይበት ታብሌት ልግዛለት? ወይስ ወደ እኔ አምጥቼ ሞግዚት ልቅጠርለት? ነው ወይስ ረፍዷል?» ትላለች።

አብሽሪ እህቴ። አልረፈደም። ከሦስቱ አንዱንም ዛሬ አትግዢ፣ አትቅጠሪም። ለልጅሽ ትልቁን ነገር ሊሰጡት የሚችሉት አጠገቡ ያሉት እናትሽ ናቸው። እንዴት እንደሆነ በሰፊው እነግርሻለሁ። ቶሎ መደረግ ያለበት አንድ ነገር ግን አለ፤ ጆሮው ይመርመር። ለምን እንዳልኩ ወደ መጨረሻው ላይ አስረዳለሁ።

በመጀመሪያ የሦስት ዓመቱን ነገር እናጥራ። ባልደረባሽ የነገረችሽ ውስጥ እውነት አለበት። የሕፃን አንጎል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሚያድግበት ፍጥነት በሌላ ዕድሜ አያድግም። በየሰከንዱ ከ1 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ የነርቭ ግንኙነቶች ይፈጠራሉ። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው የአንጎሉ መጠን የአዋቂውን 80 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከግንኙነቶቹ ውስጥ ደጋግሞ የሚሠራባቸው ይጠነክራሉ፤ የማይሠራባቸው እየተመናመኑ ይጠፋሉ። የሚሠራባቸው ደግሞ በሰው ነው። ድምፅ ሲያወጣ የሚመልስለት፣ በጣቱ ሲጠቁም ዞር ብሎ የሚያይለት፣ ሲያለቅስ ብድግ የሚያደርገው ሰው ያስፈልገዋል። «ያልቃል» የሚለው ግን ትክክል አይደለም። አንጎል ከሃያ ዓመት በኋላም ሥራውን አይጨርስም።

ሩማንያ ውስጥ፣ ቡካሬስት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ አንድ ትልቅ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ የነበሩ 136 ልጆች ተመዘገቡ። ይበላሉ፣ ይለብሳሉ፤ ግን አንዷ ተንከባካቢ ብዙ ልጅ ስለምትይዝ አንድ በአንድ የሚያወራቸው አልነበረም። ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት የበለጠ አገገሙ። ከዚያ በኋላ የሄዱትም ቢሆኑ በብዙ ነገር በተቋሙ ከቀሩት ተሻሉ። እኔ ከዚህ የምይዘው ይህን ነው፦ ቶሎ መጀመር ይሻላል፤ የዘገየም አይተው። ልጅሽን ከእነዚያ ልጆች ጋር አላነጻጽረውም። እሱ የሚያዝለው፣ ሌሊት የሚያቅፈው ሰው አለው።

«አጥሯል» የተባለውን ግን በቀላሉ አንለፈው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶው ለዕድሜያቸው አጥረው ተገኝተዋል። ስለዚህ ብቻሽን አይደለሽም፤ እናትሽም ምንም አላጠፉም። ጉዳዩ ከቁመት አልፎ ይሄዳል። ቁመት እንዲቀንስ የሚያደርገው የምግብ እጥረትና ተደጋጋሚ ተቅማጥ አንጎልንም ይነካል። ወሎ ለዚህ ብዙ ከፍሏል። የ1977ቱ ረሃብ ሲበረታ ከ12 እስከ 36 ወር ዕድሜ ላይ የነበሩ የኢትዮጵያ ገጠር ልጆች፣ ከ20 ዓመት በኋላ ሲለኩ፣ በችግሩ ጊዜ በዕድሜ ከፍ ይሉ ከነበሩት ልጆች ቢያንስ በ5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኙ። አንደኛ ደረጃን የመጨረስ ዕድላቸውም ያነሰ ነበር። ረሃቡ አልፎ፣ ዝናቡ ተመልሶ፣ እነሱ አድገው እንኳ ያ ጊዜ ከላያቸው አልለቀቀም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር፣ ማለትም ለዕድሜ ማጠር፣ በ2030 ለማስቀረት ቃል ሲገባ ሰነዱን በዚያ ረሃብ ክፉኛ በተጎዳችው በሰቆጣ ስም መጥራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

እንግዲያ ምግብ ይህን ያህል ከሆነ ወተቱን ለምን አትግዢ አልኩሽ?

ጃማይካ ልውሰድሽ። በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ኪንግስተን ከተማ ውስጥ፣ በድሃ ሰፈሮች፣ ልክ እንደ ልጅሽ ለዕድሜያቸው ያጠሩ ከ9 እስከ 24 ወር የሆኑ 129 ሕፃናት ተመረጡ። በአራት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን በየሳምንቱ 1 ኪሎ የዱቄት ወተት ተሰጠው። ሁለተኛው ቡድን ወተት አልተሰጠውም፤ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ያህል አንዲት የጤና ሠራተኛ ቤት ድረስ እየመጣች እናትየዋን ከልጇ ጋር ታጫውታለች። ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ። አራተኛው ሁለቱንም አላገኘም። ይህ ለሁለት ዓመት ቆየ።

ሠራተኞቹ ትልቅ ዲግሪ ያላቸው አልነበሩም። እኛ አገር ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር የሚቀራረቡ ሴቶች ናቸው። የሚይዙት መጫወቻም ከተጣለ ዕቃ በእጅ የተሠራ ነበር። ዋናው ሥራቸው ልጁን ራሳቸው ማጫወት አልነበረም። እናትየዋ እንድታጫውት፣ እንድታወራው፣ ሲችል እንድታመሰግነው ያደርጉ ነበር። ሠራተኛዋ ስትሄድ ጨዋታው ከእናትየው ጋር ይቀራል።

ሁለቱ ዓመታት ሲያልቁ ወተት ያገኙትም ጨዋታ ያገኙትም ተሻሽለው ነበር። ሁለቱንም ያገኙት ጭራሽ ካላጠሩት እኩዮቻቸው ጋር ሊደራረሱ ቀረቡ። ከዚያ ግን ተመራማሪዎቹ ልጆቹን ለዓመታት ተከታተሏቸው። የወተቱ ጥቅም እየደበዘዘ ሄደ። የጨዋታው ግን ጸንቶ ቆየ። ልጆቹ 22 ዓመት ሲሆናቸው፣ በሕፃንነታቸው ቤታቸው ድረስ የጨዋታ ጉብኝት የነበራቸው ካልነበራቸው 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ያገኙ ነበር። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለሁለት ዓመት! ይህን ጥናት ደጋግሜ ለሰው የምናገረው ለዚህ ነው። ደሃ ቤት ውስጥ፣ ባጠረ ልጅ ላይ፣ ያለ ውድ ዕቃ የተሠራ ሥራ ነው።

ከዚህ ተነስተሽ ምግብ አያስፈልግም እንዳትይኝ። ልጅሽ መብላት አለበት፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። የዱቄት ወተት ግን ለሁለት ዓመት ልጅ ግድ አይደለም። ገጠር ላይ ባልፈላ ውሃ ተበጥብጦ በጡጦ ሲሰጥ ደግሞ ተቅማጥ ያመጣል። ተቅማጡ የበላውን ሁሉ ይዞበት ይወጣል።

አሁን ወደ እናትሽ ቤት እንግባ። የልጅሽ ቀን እንዴት እንደሚውል ልገምት። ጠዋት ከአያቱ ጋር ይነሳል። ሻይ በዳቦ ይሰጠዋል። ሲታዘል፣ ሲወርድ፣ ደጃፍ ላይ ሲድህና ሲሮጥ ይውላል። ከሰዓት ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ይፈላል፤ ዱዓ ይደረጋል፣ ወሬው ይደራል። ልጁ ከመሃል ነው። ቤቱ ሰው የሞላበት፣ ፍቅር የሞላበት ነው። ግን ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ስንት ጊዜ ወደ እሱ ዞሮ ያወራው ሰው አለ? ብዙ ቤት ውስጥ ለልጅ የሚነገረው «ተው»፣ «ና»፣ «ብላ»፣ «እንዳትነካ» ነው። ዝም ያለ ልጅ ጨዋ ይባላል። «ገና ምን ያውቃል» ይባላል። ልጅ ከበላዩ የሚያልፈውን የአዋቂ ወሬ ሰምቶ ብዙ ቋንቋ አይማርም። የሚማረው ለእሱ ተብሎ ከተነገረው፣ ዓይኑ እየታየ ከተነገረው ነው።

ስለዚህ የምጠይቃቸው አዲስ ሥራ አይደለም። እናትሽ የሚሠሩትን እየሠሩ ያውሩት። ስንዴ ሲለቅሙ እፍኝ ፊቱ ላይ አፍስሰው «ይኼ ስንዴ፣ ይኼ ጠጠር፣ ጠጠሩን እንጣለው» ይበሉት። ዶሮዋ ስትመጣ «ዶሮ መጣች፣ ጫጩቶቿስ?» ይበሉት። ሲያጥቡት «እጅህ የታል? እግርህስ?» ይበሉት። ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቁት። ይህች መጠበቅ ናት ብዙ ሰው የሚረሳት። ትንሽ ልጅ ሰምቶ፣ አስቦ፣ አፉን አዘጋጅቶ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። አዋቂው ቶሎ ከቀጠለ ተራው ያመልጠዋል። «ው» ካለ ትልቅ ነገር ተናገረ ማለት ነው። «ውሃ! ውሃ ፈለግህ? እንካ ውሃ» ብለው ይመልሱለት። «እንዲህ አይባልም» ብለው አያርሙት፤ ትክክሉን ብቻ ደግመው ያሰሙት።

መጫወቻ አትግዢ። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ጠጠር ተጨምሮ ክዳኑ በደንብ ከታሰረ የሚንጫጫ መጫወቻ ነው። ከትልቅ እስከ ትንሽ ሦስት ጣሳ አንዱ አንዱ ውስጥ ሲገባ ጥሩ ትምህርት ነው። የጨርቅ ኳስ ስፌት ሥር ደብቆ «የት ሄደ?» ማለት ልጁ ያላየው ነገር እንዳልጠፋ ያስተምረዋል። ከአሮጌ ካላንደር ላይ የላም፣ የመኪና፣ የሰው ሥዕል ቆርጠሽ ካርቶን ላይ ለጥፊለት፤ መጽሐፉ እሱ ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ቆርኪ ለብቻው ሆኖ እጁ ላይ አይቅር። ያንቀዋል፤ አፍንጫው ውስጥም ይከተዋል።

እናትሽ የሚያውቁት እሹሩሩ፣ የሚያንጎራጉሩት መንዙማ ካለ ደስ ይለኛል። የተደጋገመ ዜማና ቃል ለትንሽ ልጅ የቋንቋ ምግብ ነው። ሲያዜሙ የመጨረሻዋን ቃል ለእሱ ይተዉለት፤ አንድ ቀን ይሞላታል። የአክስት የአጎት ልጆች አኩኩሉ ሲጫወቱም እሱን አያባርሩት። «ጅቡ መጣ»፣ «መርፌ ትወጋለህ» እያሉ ማስፈራራትና ቁንጥጫ ግን ይቅር። ቶሎ ቶሎ የሚፈራ ልጅ አይመራመርም።

ይህን ለእናትሽ ስትነግሪያቸው እንደ ትዕዛዝ አይሁን። ስድስት ሰባት ልጅ ያሳደገች ሴት «አታውቂበትም» ሲሏት ትቀየማለች፤ እውነትም የምታውቀው ብዙ ነው። እሑድ ስትሄጂ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ ራስሽ አድርጊው። ልጁ ሲስቅ ያያሉ። ያኔ ከምክር በላይ ይገባቸዋል።

አሁን ምግቡ። ባጠራቀምሽው ገንዘብ አንድ ነገር ግዢ ካልሽኝ የሚጥሉ ዶሮዎች ግዢላቸው፤ እንቁላሉ ግን ገበያ አይውጣ፤ ለልጁ ይቅር። እንቁላል ብቻውን ያጠረን ልጅ ያረዝማል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም። ኢኳዶር ውስጥ በቀን አንድ እንቁላል መስጠት መቀንጨርን በጣም ቀንሶ ነበር፤ ማላዊ ላይ ሲሞከር ግን ያንን ውጤት አላመጣም። ያም ሆኖ ለዋጋው ከእንቁላል የተሻለ ምግብ ለማግኘት ከባድ ነው። ሐይቅ ቅርብ ስለሆነ ዓሣም ይገኛል፤ አጥንቱ በደንብ ተለቅሞ ይሰጠው። ከመርሳ የሚመጣው ማንጎና ፓፓያ በወቅቱ ርካሽ ነው። ማሾ፣ ምስር ወይም ሽምብራ ከጤፍ ወይም ከማሽላ ጋር ተመጥኖ የተፈጨ ዱቄት ጥሩ ገንፎ ይወጣዋል። ገንፎው ወፍራም ይሁን። ቀጭን አጥሚት ሆዱን ይሞላል፤ ጉልበት ግን አይሰጠውም። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይብላ፤ መሃል ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ትንሽ ነገር ይጨመርለት። በግድ አፉን ይዘው አያጠጡት። የራሱ ሳህን ይኑረው፤ ከትልልቆቹ ጋር በአንድ ትሪ የሚበላ ልጅ ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም።

ሻዩን ግን አስቁሚልኝ። ሻይና ቡና ከምግብ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋሉ። የብረት እጥረት ደግሞ ልጁን ያደክመዋል፣ ትኩረቱን ይወስዳል፣ የአንጎል እድገቱን ይጎዳል። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ደሙን እንዲያዩት ጠይቂ። የብረት ሽሮፕ ግን ከሐኪም ትዕዛዝ ውጭ አይሰጠው። ጨውም ነገር ነው። ወሎ ደጋ ላይ እንቅርት ብዙ የታየው በአዮዲን እጥረት ነው፤ አዮዲን ከእርግዝና ጀምሮ ለአንጎል ያስፈልጋል። የታሸገውን አዮዲን ያለበትን ጨው ግዢላቸው፤ አሞሌው ላይ አዮዲን አይጨመርበትም። ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር።

በጾም ወቅት የልጁ እንቁላልና ወተት የሚቋረጥበት ቤት አለ፤ ዕቃው እንዳይነካካ ተብሎ። ቤታችሁ ክርስቲያን ከሆነ ለእሱ ለብቻው ድስትና ማንኪያ ይያዝለት፤ የሁለት ዓመት ልጅ ጾም የለበትም። ዶሮዎቹ ደግሞ ልጁ በሚድህበት ወለል ላይ አይዋሉ። ኩሳቸው ወደ አፉ ይገባል፤ ያ ነው ተቅማጡን የሚያመላልሰው። ለእሱ አንድ ንጹሕ ምንጣፍ ለይታችሁ እጁን በሳሙና እያጠባችሁ አጫውቱት። የቫይታሚን ኤ ጠብታውና ሁለት ዓመት ሲሞላው የሚጀመረው የትላትል መድኃኒት በቀበሌው ጤና ኬላ አለ።

ታብሌቱን በአጭሩ ልለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ የዘጠኝ ወር ሕፃናት የቻይንኛ ድምፆችን እንዲሰሙ ተደርጎ ነበር። ፊት ለፊት ሰው ያጫወታቸው ልጆች ድምፆቹን መለየት ተማሩ። ያንኑ በቪዲዮ ያዩት ምንም አልተማሩም። ቪዲዮ ልጁ «ው» ሲል ውሃ አያቀርብለትም። ከአንቺ ጋር በቪዲዮ መደወል ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንቺ ትመልሺለታለሽ። በተለመደ ሰዓት፣ ለምሳሌ ማታ ከመተኛቱ በፊት፣ ደውይለት። ድምፅሽ ብቻ ቢሆንም ይጠቅመዋል።

ወደ አንቺ አምጥቶ ሞግዚት መቅጠሩንስ? እናት ልጇን ናፍቃ ይህን ስትጠይቅ መልሱ ቀላል አይደለም። የእኔ ፍርድ ግን አሁን አታምጪው ነው። ለዚህ ዕድሜ ልጅ የሚያውቀው ሰው ሳይቀያየር አብሮት መቆየቱ ትልቅ ነገር ነው። አያቱን ለቆ፣ አንቺ ሥራ ስትውዪ፣ ከማያውቃት ሴት ጋር ከዋለ፣ እሷም ከወራት በኋላ ሄዳ ሌላ ከተተካች፣ የሚያመው ይበዛል። እናትሽም አብረው መምጣት ከቻሉ፣ ወይም በቋሚነት የሚይዘው ዘመድ ኮምቦልቻ ካለ፣ ነገሩ ይለያል። ያኔ ቀስ በቀስ አለማምደሽ አምጪው። መዋዕለ ሕፃናት ገና ነው፤ ሦስት ዓመት ሲሞላው እንመካከራለን።

እሑድ ማታ ስትመለሺ ደግሞ ተደብቀሽ አትውጪ። እንዳያለቅስ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ልጅ እናቱ ሳታስበው የምትጠፋ ከሆነ ስትኖርም ይሰጋል። ስመሽው፣ «እማ ሥራ ልትሄድ ነው፣ ትመለሳለች» ብለሽው፣ ያልቅስ። አያቱ ያባብሉታል። የለበስሽውን ነጠላ ትተሽለት ብትሄጂ ሽታሽ ያጽናናዋል።

አሁን ጆሮው። «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚያወራ፣ አባቱም እንዲሁ ነበር» ሲሉሽ ሰምተሽ ይሆናል። ወንዶች በጥቂቱ ይዘገያሉ፤ እውነት ነው። ግን ልጅ ዓመት ተመንፈቅ ሲሆነው ከ«እማ» ሌላ ቢያንስ ሦስት ቃል ይጠበቅበታል፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው «ውሃ ስጠኝ» ዓይነት ሁለት ቃል ያጋጥማል። ልጅሽ ወደዚያ እየተጠጋ ነው፤ ስለዚህ «ይጠበቅ» አልልሽም። እናትሽን እነዚህን ጠይቂያቸው፦ ከኋላው ስሙን ሲጠሩት ይዞራል? የሚፈልገውን በጣቱ ይጠቁማል? በእጅ ሳያሳዩት «ኳሱን አምጣ» ሲሉት ያመጣል? ዓይን ለዓይን ያያል? ጆሮው መግሎ ያውቃል? ቀድሞ የሚለው የነበረና አሁን የተወው ቃል አለ?

ከሰማ፣ ከጠቆመ፣ የተባለውን ከተረዳ ነገሩ ቀለል ያለ ነው፤ ከላይ ያልኩሽ ጨዋታና ወሬ ብዙ ይረዳዋል። ካልዞረ ወይም ጆሮው የሚመግል ከሆነ መስማቱ መለካት አለበት። ካልጠቆመ፣ ስሙን ሲጠሩት ግድ ካልሰጠው ወይም የነበሩትን ቃላት ከጣለ፣ የእድገት ምርመራ ያስፈልገዋል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ቡዳም አይደለም። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ምርመራው ግን በእሱ ምክንያት አይዘግይ። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ለማውራት አይረዳም፤ ደምና ኢንፌክሽን ነው የሚያተርፈው።

በዚህ ወር ፈቃድ አውጪና ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ወደ ደሴ ሪፈር አጽፊ። የክትባት ካርዱንና ቁመትና ክብደቱ የተጻፈበትን ወረቀት ያዢ። እናትሽም አብረው ይሂዱ። ቀኑን ሙሉ የሚያዩት እሳቸው ስለሆኑ ሐኪሙ ከሚጠይቀው ብዙውን ሊመልሱ የሚችሉት እሳቸው ናቸው።